ተራ

ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ ዘመን ሳይለወጥ፣
ቂርያት ጋት ላይ ፀሐይ ገና በጧት ስታቀልጥ፣
ከሌሊት ሥራዬ፣ ከፋብሪካው ወጥቼ፣
እንቅልፌን በዓይኔ ላይ እንዳለ ትቼ፣
ዓይናዲስን ይዤ፣ በእጇ አስጨብጬ ጣቴን፣
የመጀመሪያ ቀን አደረስኳት ልጄን።

«እዚህ ነው» ስላት፣ «ጋን ይባላል ስሙ»፣
እግሮቿ ካስፋልቱ ተጣብቀው ቆሙ።
«ጋን ውስጥ ሊከቱኝ ነው? ምን አጠፋሁ፣ አባ?
ክዳኑን ሲከድኑት ብርሃን በየት ይግባ?»

ሳቅሁ። ደጁ ላይ ግን ምክሬን አልተውኩም፤
አባቴ እንደመከረኝ፣ አልቀነስኩ፣ አልጨመርኩም፦
«ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ አንገትሽን ድፊ፣
ካልጠየቁሽ በቀር ቃል እንዳትተፊ፣
ሌላው ካነሣው ላይ እጅሽን ሰብስቢ፣
ቆመሽ ጠብቂ እንጂ ቀድመሽ አትግቢ።»
ሌሎቹ ሲያለቅሱ፣ ቀሚስ ሲጎትቱ፣
የእኔ ልጅ ዝም አለች። ኮራሁ፣ እውነቱ።

ወር ሳይሞላ ጠራችኝ መምህሯ ሲጋሊት።
በልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ ፊት ለፊት፣
ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው፤
ዝማም፣ ረዳቷ፣ ስትተረጉመው፦

«ዓይኗን ከጫማዬ ነቅላ አታውቅም።
ጠምቷት እንኳ ቢሆን «ውሃ» አትልም።
ዥዋዥዌው ሥር ቆማ፣ እስኪበቃቸው ስትጠብቅ፣
«ግቡ» ይባላሉ፤ መቆሟን ማን ሊያውቅ።
ትናንትና ደግሞ…» (ዝማም ድምጿን ቀነሰች)
«ሽንቴ ማለት ፈርታ ቀሚሷን አረጠበች።»

እኔ ያሳደግኋት፣ ጨዋ ናት የምልላት፣
ጨዋነቷ ራሱ ጋን ሆኖ ከደናት።

«ጨዋነቷ ይኑር፤ እሱን አላስጥልም።
ግን ያልሰማሁትን ጥም ማወቅ አልችልም።»

ክዳኑን ያነሣው እኔ አልነበርኩም፣
ሲጋሊትም አይደለች፣ ማንም ትልቅ አይደለም።
አንድ ልጅ ከዩክሬን፣ ጠቃጠቆ ፊቱ፣
እንደሷው አዲስ ነው፣ አራት ናቸው ቃላቱ።
አሸዋው ዳር አካፋ ነበረች አንድ፣ ቀይ።
እሱ ይዞታል። እሷ ቆማለች ስታይ።
ባልዲውን ሲሞላ እጁን ዘርግቶ «ቶር» አላት፤
ካሉት አራት ቃላት አንዷን መርጦ ሰጣት።

ቶር። ተራ። ዘመድ ነው፤ ሳይነግሯት ገባት።
ማታ ከደጅ ሳትገባ፣ «ሌቭ አገኘሁ፣ አባ!»
(ሌቭ በነሱ ልብ ነው፤ ሁለቱም ልቤ ገባ።)

ኅዳር ገባ፣ ዝናብ። ሳሏ ሲጠናባት፣
ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬአት።
አርባ ሦስት የሚል ወረቀት ይዘን በእጃችን፣
አርባ ሁለት ሲወጣ፣ ልንነሣ ስንል ሁለታችን፣
አንድ ሰውዬ፣ ቁልፉን እያቃጨለ፣
«አንዲት ጥያቄ ብቻ!» ወደ በሩ አለ።

እኔ? አንገቴን ደፋሁ። ተራ ሰው ነኝ፣ ልማድ ነው፤
ለተራ ሰው ተራው ሁልጊዜ ነገ ነው።

ዓይናዲስ ግን ዓይኗን ከጫማው አነሣች፣
ጉልበቱን፣ ቀበቶውን፣ ጢሙን አልፋ ወጣች፤
ዓይኑ ላይ ስትደርስ፣ ወረቀቱን ዘርግታ፣
«ስሊሓ፣ ቶር ሼላኑ።» ተራችን ነው፣ ይቅርታ።

ሰውዬው እሷን አየ። ቁጥሩን አየ። እኔን አየ።
ቁልፉ ጸጥ አለ። ከበሩ ተለየ።

ስንመለስ ልቆጣት፣ «ትልቅ ሰው ላይ እንዴት…»
ብዬ ጀምሬ ነበር። የቀረውን አጣሁት።
እሷ ጠጠር ለቅማ ኪሴ ከተተችው፤
«ለሌቭ ነው» አለችኝ፣ «ሲሻለኝ ምሰጠው»።

ጠጠሯ ኪሴ ውስጥ አደረች ሌሊቱን።
ጋን በምን ይደገፋል? አውቃለሁ ተረቱን።
ፋብሪካው ውስጥ ቆሜ፣ ማንም በሌለበት፣
«ቶር ሼሊ» አልኩ ቀስ ብዬ። ደግሞ ደገምኩት።
ማሽኑ ይጮሃል፤ ማንም ሰው አልሰማኝ።
ሌቭ አራት ቃል ነበረው። እኔ ሁለት አለኝ።